የወይዘሮ ማርግሬት መርዶ

ባለፈው ሚያዝያ ዘ ሄግ ውስጥ ዝናብ አባሮኝ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ገባሁ። ለመጠለል እንጂ ለመግዛት አልነበረም። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አነሳሁ። ሽፋኑ ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት በረንዳ ላይ ቆማ የቡና ተክል ትመለከታለች፤ ከኋላዋ አንድ ጥቁር ሰው ትሪ ይዞ ቆሟል። ስገልጠው ከገጾቹ መካከል ጉንፋን ሲይዘን ደረታችን ላይ የሚቀባው የሜንቶል ቅባት ሽታ ወጣ። ወዲያው ደሜ ፈላ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ጋሽ ተኽለ አንድ መጽሐፍ በሰላም እንድገልጥ አይፈቅዱልኝም። መጽሐፉ የእሳቸው አልነበረም፤ እንደ እሳቸው ሜንቶል የሚቀባ ሌላ ሰው አንብቦት ይሆናል። ቢሆንም እዚያው ቆሜ የኋለኞቹን ገጾች አገላበጥኩ፣ ማን እንደሚሞት ቀድሜ ላውቅ። ይህን ክፉ ልማድ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ተኽለ ሆግቭሊት ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤቱ ላይ ነበር የሚኖሩት፤ እኛ ከላይ፣ እሳቸው ከታች። ሆግቭሊት ከፔርኒስ የነዳጅ ማጣሪያዎች ጋር የተጎራበተች የሮተርዳም ዳርቻ ናት። ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲነሳ አየሩ የከረመ እንቁላል ይሸታል፤ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጣ ሰው ኋላ ይቆጨዋል። ሰፈርተኛው ሁሉ ለምዶት ሲኖር ጋሽ ተኽለ ብቻ አልለመዱትም። ጠዋት ጠዋት ከአፍንጫቸው ሥር ሜንቶል ይቀባሉ፤ ከዚያ በዚያው ጣታቸው መጽሐፍ ይገልጣሉ። ቤታቸው፣ ኮታቸው፣ ለእኛ የሚሰጡን ከረሜላ ሳይቀር ሜንቶል ሜንቶል ይል ነበር።

አሥመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ጎልምሰው፣ በመርከብ አስተናጋጅነት ባሕር ሲያቋርጡ ኖረው ሮተርዳም ላይ የወረዱ ሰው ነበሩ። ኋላ ቭላርዲንገን ወደቡ ላይ ሠርተው ጡረታ ወጡ። አማርኛውን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ ስለዚህም ከእኛው የጠራ ነበር። እናቴ ሲናገሩ ስትሰማ፣ እኛ እንዲህ ያለውን ቃል የት ጥለነው መጣን ትል ነበር። ሚስታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። አንድ ወንድ ልጅ እንደነበራቸው፣ በረሃ ወጥቶ እንደቀረ እናውቃለን። ስለ እሱ ግን እሳቸው አያነሱም፣ እኛም አንጠይቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሐል ሮተርዳም ካለው ገበያ በፌስታል መጽሐፍ ገዝተው ይመጣሉ። የሚመርጡት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እንግሊዞች በያዙት የሰው አገር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡበት ልብ ወለድ። ኬንያ ይሁን ሕንድ ግድ የላቸውም። በረንዳ፣ ሻይ፣ ፈረስና ትኩሳት ካለበት ገዙ። ይወዱታል እንዳይባል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እየተሳደቡ ነው የሚያነቡት። ይሄ ሰው ጤነኛ ነው ወይ፣ ወንድሙን ቀብሮ ሲመለስ ቴኒስ ይጫወታል እያሉ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ይጥሉታል። ሻይ አፍልተው ይመለሱና ደግሞ ያነሱታል።

ነገሩ ሥር ነበረው። እንግሊዞች አሥመራን በያዙበት ዘመን እናታቸው የአንድ ሻለቃ ቤት ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ እሳቸውም እንግሊዝኛን የለመዱት እዚያ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ነው። የሻለቃው ትንሽ ልጅ በትኩሳት ሞተች። ጠዋት ቀበሯት። ከሰዓት በኋላ ሻለቃው ጫማው ተወልውሎለት ቢሮ ገባ፣ ሚስቱም ጽጌረዳዋን ስትከረክም ዋለች። የጋሽ ተኽለ እናት ግን የልጅቷን ቀሚስ ከገንዳው አውጥተው አቅፈው አለቀሱ። ሴትዮዋ መጥታ ድምፅሽን ቀንሺ አለቻቸው። ጋሽ ተኽለ እንግዲህ ያን ሁሉ መጽሐፍ የሚያነቡት፣ አንድ ቀን አንድ እንግሊዝ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አገኝ ይሆናል ብለው ነው። አላገኙም። ሲያጡ ጊዜ ራሳቸው ያስለቅሷቸው ጀመር።

እዚህ አገር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትምህርት የለም። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር ረቡዕ ረቡዕ እኔ የጋሽ ተኽለ ነበርኩ። እሳቸው መጽሐፉን እንግሊዝኛውን እያዩ በአማርኛ ይተርኩልኛል። በዚያ አፍ ውስጥ መጽሐፉ መልኩን ይለውጣል። ሰዎቹ ማዕረግ ያገኛሉ፤ ወይዘሮ ማርግሬት፣ አቶ ሄንሪ ይባላሉ። ሰው ሲታመም ጎረቤት ሾርባ ይዞ ይመጣል። ትሪ ተሸካሚውን አሽከር መጽሐፉ ቦይ፣ ማለትም አንተ ልጅ፣ ብቻ ብሎ ነበር የሚጠራው፣ ሽበት ያለውን ሰውዬ። ጋሽ ተኽለ ተቆጥተው ካማው የሚል ስም አወጡለት። ሚስትም ሰጡት፣ ልጆችም ሰጡት፣ በመሬት የሚካሰስ አማችም ጨመሩለት። በመጽሐፉ ትሪ ብቻ የነበረው ሰው በእሳቸው አፍ ከጌቶቹ የበለጠ ዘመድ ነበረው።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። እኔን ያነደደኝ ሌላው ነገር ነው። በጋሽ ተኽለ ዘንድ ሰው ቶሎ አይሞትም። መርዶ ሥርዓት አለው ይላሉ። ማታ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ አይነገርም፣ እህል ላልቀመሰ አይነገርም፤ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ መንገድ ለሚሄድ፣ በዓል ለደረሰበት አይነገርም። እኔ ይህ ለእውነተኛ ሰው ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለልብ ወለዱም ያው ነው፤ የሚሰማው ሰው እንደሆነ ሰው ነው ይላሉ። እናም ታሪኩ ሞት ጋ ሲደርስ ዓይናቸው ገጹ ላይ ይቆምና ጉሮሯቸውን ጠርገው ሕመምተኛው ትንሽ ሻል አለው ይሉናል። በእሳቸው ሥርዓት መርዶ ለመስማት የሚመች ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

እናቴ ወንድሜን ባረገዘችበት ክረምት የያዝነው መጽሐፍ ኬንያ ውስጥ ቡና ስለሚያለሙ እንግሊዞች ነበር። ወይዘሮ ማርግሬት ቶማስ የሚባል ልጇን ገና በስምንት ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ትልከዋለች። መርከቡ ሲሄድ መሐረብ ታውለበልባለች፣ ቤቷ ትመለሳለች፣ ትኩሳት ይይዛታል። በዚያ ትኩሳት ክረምቱን ሙሉ ተኛች። ሐኪሙ እናቴን ጋደም ብለሽ ክረሚ ብሏት ስለነበር እሷም ረቡዕ ረቡዕ ወርዳ የጋሽ ተኽለ ሶፋ ላይ እየተጋደመች ታዳምጣለች። ሁለቱ በሽተኞች አብረው ነበር የሚያገግሙት። ማርግሬት ሾርባ ጠጣች፣ ማርግሬት ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ማርግሬት ስለ ቶማስ ጠየቀች። ሴትዮዋ ትሞታለች ወይስ ትድናለች ብዬ ስጮህ ጋሽ ተኽለ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ "ከመሞት መሰንበት" ይሉኛል።

በዚያ ዓመት እኛ ቤት ስልክ አልገባም። ከኢትዮጵያ የሚደወለው ለጋሽ ተኽለ ነው። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ናዝሬት ነበር የሚኖሩት፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። አክስቴ ከመሥሪያ ቤቷ ትደውልና ጋሽ ተኽለ መልእክቱን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ። አባትሽ ሰላም ብለዋል። አባትሽ እግሬን ይበርደኛል ብለዋል። እናቴ ይህን ሰምታ የሱፍ ካልሲ ገዛችና በሚሄድ ሰው እንዲልኩላቸው ለጋሽ ተኽለ ሰጠቻቸው። ወንድሜ ሲወለድም ስሙን አያቱ ናቸው የሚያወጡት ብላ ጠበቀች። እዚህ አገር ሕፃን በተወለደ በቀናት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። አባቴ በየሰዓቱ ይወጣል ይወርዳል። በመጨረሻ ጋሽ ተኽለ መጡና ከአልጋው ግርጌ ቆመው፣ ሕፃኑን ሳያዩ፣ ግድግዳውን እያዩ፣ "አማኑኤል በሉት ብለዋል" አሉ። እናቴ ደስ ብሏት አለቀሰች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ።

ማርግሬትም እንደታመመች ፋሲካ አለፈ።

በዚያን ጊዜ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ እንግሊዝኛ መማር ጀምሬ ነበር። አንድ ረቡዕ ጋሽ ተኽለ በትረካው መሐል ስልክ ተደወለላቸውና መጽሐፉን ወንበሩ ላይ በግንባሩ ደፍተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። እኔ መጽሐፉን አነሳሁት። ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። ሞተች የምትለውን ቃል ለማወቅ ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ማርግሬት የሞተችው ከመጽሐፉ ግማሽ በፊት ነው፣ ትኩሳቱ ከያዛት ከጥቂት ገጾች በኋላ። የተሰጣት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የቀረው ስለ ዝናቡ መዘግየት ነው። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ የቶማስ ትምህርት ቤት ኃላፊ ልጁን በሁለት ክፍለ ጊዜ መሐል ጠርቶ ይነግረዋል፤ ልጁ አመሰግናለሁ ጌታዬ ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ይኼው ነው። እኛ ክረምቱን ሁሉ ሾርባ ያጠጣናት ሴት ከመጀመሪያው አልነበረችም።

ጋሽ ተኽለ ተመልሰው ከናዝሬት ነው፣ ሰላም ብለዋል አሉኝ። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ነበር።

"እማ፣ ማርግሬት ሞታለች።"

ሳቀች። የትኛዋ ማርግሬት አላለችም፤ የምናውቃት አንድ ናት። መቼ ሞተች አለችኝ። ድሮ፣ የገና በዓል እንኳ ሳይደርስ አልኳት፤ ሾርባውም ትራሱም ከእሳቸው የተጨመረ ነው፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲያሾፉብን ነበር እያልኩ ተንተከተክሁ። እናቴ አሁንም እየሳቀች፣ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ፣ ምን ነካቸው አለች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። ልጁን ከጡቷ አላቀቀችው።

"አሁን ማን ነበር የደወለው?" አለችኝ።

"ከናዝሬት ነው። ሰላም ብለዋል አሉ።"

ነጠላ ጫማዋን እንኳ አስተካክላ አላጠለቀችም። ሕፃኑን በትከሻዋ ይዛ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጋሽ ተኽለ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር፤ ባዶውን ወንበርና የተገለጠውን ገጽ አይተው ገብቷቸዋል መሰለኝ። እናቴ ከደፍ ላይ ቆማ፣ "ጋሽ ተኽለ፣ አባቴ እንዴት ነው?" አለቻቸው።

ሕፃኑን አዩት። እኔን አዩኝ። ከአፍንጫቸው ሥር ያለው ቅባት ያብለጨልጭ ነበር።

"አስቴር ልጄ" አሏት፣ "እህል ቀምሰሻል?"

እናቴ ይህን ስትሰማ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ከእሷ የወጣውን ድምፅ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ ሰምቶት አያውቅም።

አያቴ የሞቱት እናቴ በተኛችበት ክረምት ነበር። ናዝሬት ያሉ ዘመዶች እንደ ወጉ ለሽማግሌ ደውለው፣ አስቴር ነፍሰ ጡር ናትና ጊዜውን አይተው ይንገሯት አሉ። ጋሽ ተኽለ ለአባቴ ነገሩት፣ አባቴ ለፓስተሩ ነገረው፣ ፓስተሩ ለጉባኤው ሽማግሌዎች ነገረ። ከእናቴ በስተቀር የሮተርዳም አበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ አራስ ሆነች፣ ከዚያ ፋሲካ መጣ፣ ከዚያ ሕፃኑ ጉንፋን ያዘው። ቀኑ ሁልጊዜ አንድ እንከን አያጣም።

ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ ለቅሶ ተቀመጥን። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሆላንዳዊቷ ሜፍሮው ኮሪ፣ ወይዘሮ ኮሪ ማለት ነው፣ ኬክ ይዘው መጡ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመው እጃችንን ጨበጡና አባቷ መቼ ሞቱ ብለው ጠየቁ። ባለፈው ክረምት ተባሉ። ታዲያ ዛሬ የምታለቅሰው ለምንድን ነው አሉ። ይህን ለማስረዳት የሚበቃ ደችኛ አባቴ አልነበረውም፤ ኬኩን ተቀብሎ አመሰገነ። ሜፍሮው ኮሪ ነገር የሚያሽሞነሙኑ ሴት አይደሉም። የእሳቸው ባል የሞቱ ለት ደረጃው ላይ አግኝተውን፣ ጠዋት ሞተ፣ ሐሙስ እንቀብረዋለን ብለውን ቆሻሻቸውን ሊጥሉ ወርደዋል። እናቴን ያን ጊዜ ዘግንኗት ነበር። አሁን ግን ዞራ፣ ምነው እኔንም እንደዚያ በነገሩኝ አለች።

ሐዘንተኛው ሲበተን ቁጣው መጣ። ጋሽ ተኽለ ለቅሶው ሳያልቅ ከጥጉ አልተነሱም ነበር፤ እናቴ ከፍራሹ ሳትነሳ ወደ እሳቸው ዞረች። አባቴ አፈር ለብሶ እኔ ስስቅ ነው የከረምኩት አለቻቸው። ቀና ብላ፣ "ካልሲውስ?" አለች። ተነስተው ወረዱና ይዘውት መጡ፤ በወረቀት እንደተጠቀለለ ነበር። ልልከው አልቻልኩም፣ ልጥለውም አልቻልኩም አሉ። ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥሎ የሚመጣውን እኔ እንኳ አውቄው ነበር።

"ስሙስ የማን ነው?"

"የልጄ ነው" አሉ። "የኔው የአማኑኤል።"

ከዚያ ሲናገሩት ሰምተናቸው የማናውቀውን ተናገሩ። ስለ ልጃቸው የነገራቸው የማያውቁት ሰው ነው፣ በስልክ። ወተት ጥደው ነበር። የአማኑኤል አባት ነዎት ወይ አላቸው፣ ነኝ አሉት፣ ነገራቸው። ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። "እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ፣ ጓለይ? አመሰግናለሁ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ፣ ምድጃውን ወለወልኩ፣ ወደ ሥራ ሄድኩ። ልክ እንደዚያ ሻለቃ።" ጓለይ የሚሏት ልጄ ሲሉ ነው፤ አማርኛቸው ወደ ትግርኛ የሚያመልጣቸው ሲጨንቃቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንንም ሰው መርዶ እንዲያ ባለ ሁኔታ አያግኘው ብዬ ለራሴ ምያለሁ አሉ። መልካሙን ሰዓት ሲጠብቁ ሰዓቱ እንዳመለጣቸውም አልደበቁም።

እናቴ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ እንኳ አልሰበሰበችውም። ሕፃኑን ስሙን ጠርታ አየችው። ስሙን ለምዶት ነበር፤ ዞር አለ።

"ስሙ ይኑር" አለቻቸው። "ከእንግዲህ ግን ሰው ሲሞትብኝ በዕለቱ ይነገረኛል። ነፍሰ ጡር ብሆንም፣ ባልበላም፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን።" ከዚያ ወዲያ ያን በጋ አላናገረቻቸውም፤ ረቡዕም ተዘጋ። እሳቸው በመስኮታቸው ሕፃኑ በጋሪ ሲያልፍ ያዩት ነበር። እኔ በሁለቱም እናደድ ነበር፤ ማርግሬትን ከነትሪው፣ ከነካማው ባንድ ቀን አጥቻታለሁ።

የመስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እናቴ ስትከፍት ጋሽ ተኽለ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው ፓስተሩ አሉ። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ለብሶ ከፓስተር ጋር በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ አበሻ የለም። እናቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ፣ "እናቴ ናት?" ብላ ወደ ኋላ ሄደች። ጋሽ ተኽለ ደነገጡ። አይደለም፣ ኧረ ሁሉም ደኅና ነው እያሉ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ፓስተሩ ስለ ምን እንደተጠሩ እንኳ አያውቁም ነበር፤ ጠዋት እንገናኝ፣ ለአስቴር የምነግራት አለ ተብለው ነው የመጡት። እናቴ ነፍሷ እስኪመለስ ግድግዳ ተደግፋ ቆየች።

ሰውየው የመጡት የወይዘሮ ማርግሬትን መርዶ ሊነግሩን ነበር። በወጉ፣ በማለዳ፣ ከሽማግሌ ጋር። እንዴት ሰው ያጎደለውን ሊክስ መጥቶ ያንኑ ጥፋት ይደግማል? እኔ ሳቄ መጣ፣ እናቴ ግን ተቆጣች፤ ልቤን አቆሙት፣ እርስዎ ሰውዬ እኔን ካልገደሉኝ አያርፉም አለቻቸው። ከዚያ ምን እንደሆነች አላውቅም፣ ቁርስ በልተናል፣ ይበሉና ይናገሩ ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ቶማስ የሚባል ልጅ እንደነበራት፣ ከልጇ እንደተለየች፣ ሳታየው እንዳረፈች፣ ካማው መቃብሯን ሲቆፍር እንዳለቀሰ ነገሩን። የካማው ማልቀስ መጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ። አላጋለጥኳቸውም። እናቴ አለቀሰች፣ ለማርግሬት ይሁን ለአባቷ እንጃ፤ ፓስተሩም ግራ ገብቷቸው አጭር ጸሎት አደረጉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕ ተመለሰ።

አማኑኤል ያደገው በእነዚያ ረቡዖች ነው። እንደ ማንኛውም እዚህ ያደገ ልጅ ጋሽ ተኽለን አንተ ይላቸዋል፤ እናቴ እርስዎ በል ብላ ብትቆጣው እሳቸው ተዪው ይላሉ። ደችኛና አማርኛ እየቀላቀለ ያስተካክላቸዋል፤ እሳቸውም በየመጽሐፉ የሞቱትን ለእሱ ሲሉ ያሰነብታሉ።

ጋሽ ተኽለ ያረፉት አማኑኤል ስድስት ዓመት ሲሆነው ነው፣ ስኪዳም ባለ ሆስፒታል፣ ሰኞ ማለዳ። የተደወለው ለእናቴ ነበር። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ፎጣውን ሳታወርድ፣ "ለአማኑኤል እንዳይነገር። ቅዳሜ የዋና ፈተና አለው" አለችን። እዚህ አገር ልጅ ሁሉ ከነልብሱ፣ ከነጫማው ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚዋኝበት ፈተና አለ፤ ዲፕሎማ ይሰጥበታል። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። አንቺ ነሽ ይህን የምትይው፣ በዕለቱ ይነገረኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽም ወይ ብዬ ጮህኩባት። ሌላ ነገር ነው፣ ልጁ ውኃ ውስጥ ሊገባ ነው አለችኝ። ማክሰኞ ማታ ራት ላይ ወንድሜን፣ "ጋሽ ተኽለ ሰላም ብለውሃል" ስትለው ሹካዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ልጁ ምንም አልጠየቀም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሳቸው አንድም ነገር አለመጠየቁን እንደ ዕድል ቆጠርነው።

ቅዳሜ ከነሱሪው፣ ከነጫማው ዋኘና ውኃ እያንጠባጠበ ዲፕሎማውን ተቀበለ። እናቴ ከመስታወቱ ኋላ አጨበጨበች። ቀብሩ ሰኞ ነው። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት አባቴ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ተቀመጠ፣ እኔም ተቀመጥኩ፣ እናቴ ለወንድሜ ዳቦውን ቅቤ ቀብታ ቸኮላት በተነችለት። ግማሹን ሲበላ ጠበቀችው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ፣ "አማኑኤል፣ ቁርስህን በልተሃል?" አለችው።

ወንድሜ የአባቴን ክራቫት አየ። እኔን አየኝ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሜፍሮው ኮሪ ደረጃው ላይ አግኝተውት፣ ሽማግሌው ሞቱ ልጄ፣ ብለው ከነገሩት ጀምሮ ለብቻው ይዞት እንደከረመ፣ እናቴ ሲዋኝ እያየች እንዳታለቅስ ብሎ እንደደበቃት በኋላ ነው የነገረን። ያን ጊዜ ግን የቀረችውን ግማሽ ዳቦ ከነሳህኗ ወደ እናቴ ገፋት።

"እኔ በልቻለሁ" አላት። "አንቺስ በልተሻል?"

እናቴ አልበላችም ነበር። ያችን ዳቦ እያለቀሰች በላች።